ከንግግር የተረፈ ሙዚቃ

ባለፈው ሐሙስ ምሽት የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሃይድንን ኳርቴት፣ ማለትም ለአራት ባለ ክር መሣሪያዎች የተደረሰ ሙዚቃ፣ ልሰማ አንድ የአዲስ አበባ አዳራሽ ገብቼ ተቀመጥሁ። የሰማሁት ግን በመጀመሪያ የአዘጋጁን ንግግር፣ ቀጥሎ የተባባሪ አዘጋጁን ንግግር፣ ቀጥሎ ተባባሪ አዘጋጁ የዘነጋቸውን የስፖንሰሮች ስም ዝርዝር፣ በመጨረሻም የክብር እንግዳውን ንግግር ነበር። ለ12 ሰዓት የተጠራው ኮንሰርት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አራቱ ተጫዋቾች መሣሪያቸውን ቃኝተው ከመጋረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። የክብር እንግዳው ደግሞ ሙዚቃ ቃላት የማያሻው ዓለም አቀፍ ቋንቋ መሆኑን እያስረዱ ነበር፤ ይህን ለማስረዳት የፈጁት ቃላት ግን ለአንድ መለስተኛ መዝገበ ቃላት ይበቃ ነበር።

ንግግሩ የሚፈትነው የእኔን ትዕግሥት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በሆዴ ይዤው እቀር ነበር። ነገር ግን የቫዮሊን ክር በመድረክ መብራት ሙቀት ይላላል፤ የትንፋሽ መሣሪያ ደግሞ ሳይነፋ ሲቆይ ቀዝቅዞ ድምፁ ይወርዳል። ቀደም ባለ ሌላ ዝግጅት ላይ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የምትጫወት አንዲት ሴት ሪዷን፣ ማለትም መሣሪያው የሚነፋበትን የሸምበቆ ምላስ፣ በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ውኃ ውስጥ ነክራ ስትጠብቅ በቅርብ ተቀምጬ አይቻለሁ። ተናጋሪው «በመጨረሻም» ሲል ሪዱን አውጥታ በከንፈሯ ያዘችው። ከ«በመጨረሻም» በኋላ «ሦስት ነጥቦችን ላንሳ» ሲል መልሳ ነከረችው። «ንግግሬን ከማጠቃለሌ በፊት» ሲል አወጣችው፤ ማጠቃለያው ወደ ምስጋና፣ ምስጋናው ወደ ማሳሰቢያ ሲሻገር ግን ከነብልቃጡ አስቀመጠችው። ያን ዕለት ከቀረበው ሁሉ ምትን ጠብቆ የተከናወነው ይህ ብቻ ነበር።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። ይህን ያለው ሰው እህል በጎተራ ያስቀመጠ፣ ነቀዝ ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ያየ ሰው መሆን አለበት። ምናልባትም አንድ የክብር እንግዳ ሲናገር የሰማ ሰው ነው። ለሙዚቃማ ዝምታ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተለክቶ፣ እንደ ኖታ የሚከበር ነገር ነው። የቤቶቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ልጅ አዋቂው በሚያውቃቸው አራት ድምፆች ይጀምራል ይባላል፤ በእርግጥ ግን የሚጀምረው በዝምታ ነው፤ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት አንድ አጭር ዕረፍት ተጽፏል። ቤቶቨን ሰውን ዝም አሰኝቶ ከዚያ ይናገራል። የእኛ አዳራሾች ግን በማይክሮፎን ጩኸትና በ«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ካልከፈቱ የከፈቱ አይመስላቸውም። ይሰማል፤ ችግሩስ መሰማቱ አይደል?

ደግሞም ከንግግሮቹ ሁሉ መሐል «በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ» የምትለዋ ሐረግ አትጠፋም። ሐሙስ ዕለትም አልጠፋችም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ላይ ሲነፉ የከረሙት ምን ነበር? ናልባንዲያን የቀድሞውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው በሕልሙ ነው? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ ቫዮሊን ተምረው፣ በፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም ታውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉትስ የማን አገር ሰው ሆነው ነው? በዚህች ከተማ ክላሲካል ሙዚቃ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚቀርብበትን ኮንሰርት እየተከታተልሁ ነው ያረጀሁት።

የክብር እንግዳ ነገር ከተነሣ፣ እኔ የማውቀው እውነተኛ የክብር እንግዳ አንድ ነው፤ እሱም ዐፄ ገብረ መስቀል። ማኅሌታይ ያሬድ በፊታቸው ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ከመመሰጣቸው የተነሣ የያዙትን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተክለው፣ ደም እየፈሰሰ አንዱም ሌላውም አላወቀም ይባላል። ከንጉሡ አስቀድሞ አስተዋዋቂ ስለ መውጣቱ፣ ንጉሡም የመክፈቻ ንግግር ስለ ማድረጋቸው ትውፊቱ ምንም አይልም። የዛሬዎቹ የክብር እንግዶች እግር ስለ መውጋት አይታሙም፤ ለመውጋት ቆይተው መስማት ያስፈልጋልና። ንግግራቸውን ጨርሰው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው የሚወጡት የመጀመሪያው ቀስት ክሩን ሳይነካ ነው። ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1772 አሠሪው ልዑል ኤስተርሃዚ ሙዚቀኞቹን ወደ ቤታቸው አልሰድ ቢለው፣ ተጫዋቾቹ በየተራ ሻማቸውን እያጠፉ ከመድረክ የሚወጡበትን ሲምፎኒ ደርሶ መልእክቱን አስተላልፎለታል። እኛ ይህን ሥራ ገልብጠን እንጫወተዋለን፤ ሙዚቀኞቹ ይቀራሉ፣ ልዑሉ በየተራ ይወጣል።

ይህስ ቀልድ ነው። ቀልድ ያልሆነው ከወጡ በኋላ የሚቀረው ነው። የፊት ረድፍ ሙሉ ባዶ ነው። በየወንበሩ ጀርባ «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት እንደ ተለጠፈ፣ በትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ላይ ክዳኑ ያልተከፈተ የታሸገ ውኃና የፕላስቲክ አበባ እንደ ተደረደረ ይቀራል። ከኋላ በግድግዳው ዳር ደግሞ የሙዚቃ ተማሪዎች የመሣሪያ ሣጥናቸውን በጀርባቸው አዝለው ቆመዋል። የቼሎ ተጫዋቹን የግራ እጅ ከቅርብ ማየት የሚጠቅመው ለእነሱ ነው፤ ለዚያ ሲሉ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተዋል። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ፊት መጥቶ ሊቀመጥ ሲል ባጅ ያንጠለጠለ አስተናጋጅ ክንዱን ይዞ መለሰው። ለማን ነው የሚጠበቀው ወንበሩ? ሰውየው ሄደዋል፤ ተመልሰውም አይመጡም፤ መኪናቸው ሲወጣ ሁላችንም ሰምተናል።

ይህን ብጽፈው የሚደርስበትን ከልምድ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ስለ አንድ የፒያኖ ምሽት የጻፍሁትን ሂስ ለአንድ ጋዜጣ ሰጠሁ፤ ፒያኖው ከእነ አካቴው እንዳልተቃኘ፣ ተጫዋቹም ፔዳሉን ረግጦ እንደ ረሳው በጨዋ ቋንቋ ገልጬ ነበር። በማግሥቱ ጋዜጣውን ገልጬ ያየሁት «የፒያኖ ምሽቱ በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ» የሚል ርእስና የክብር እንግዳውን ፎቶግራፍ ነው። አዘጋጁን ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ ሰው ቅር ይለዋል እኮ» አለኝ። በዚህች አገር በደማቅ ሁኔታ ያልተካሄደ ነገር አንብባችሁ ታውቃላችሁ? የቪየናው የሙዚቃ ሐያሲ ሀንስሊክ እ.ኤ.አ. በ1881 የሩሲያዊውን ደራሲ የቻይኮቭስኪን የቫዮሊን ኮንቼርቶ ቪየና ላይ ሰምቶ፣ ለጆሮ የሚገማ ሙዚቃ ሊኖር እንደሚችል አሳየን ብሎ ጻፈ። ተሳስቷል፤ ግን ታትሞለታል። ሀንስሊክን የጠቀመው ከቻይኮቭስኪ ጋር አንድ እድር ውስጥ አለመሆኑ ነው። እኔ ቅዳሜ የምተቸውን ቫዮሊኒስት ሰኞ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጬ ንፍሮ እዘግናለሁ። እሱም «ጽሑፍህን አየሁት» ብቻ ብሎ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ እንኳ ይነቅዛል።

ለማንኛውም ኮንሰርቱ ነበር ጉዳዬ። አራቱ ተጫዋቾች እንደ ገና ተቃኝተው የሃይድንን 76ኛ ሥራ ሦስተኛ ኳርቴት ተጫወቱ። ሁለተኛው ክፍል አንድ ዜማ በየተራ ለአራቱም መሣሪያዎች የሚያስረክብ ነው። ዜማው ራሱ አይለወጥም፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ይሸምናሉ እንጂ ተቀባዩ «ቀደም ሲል እንደ ተገለጸው» ብሎ አይጨምርበትም። ቼሎው ተራው ሲደርሰው በእውነት አሳምሮ ተጫወተ፤ አንደኛው ቫዮሊን ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ጥቂት ሳተ፤ ቪዮላዋ ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ክፍሉ እንዳለቀ አስተዋዋቂው ዝግጅቱ የተፈጸመ መስሎት ማይክሮፎኑን ይዞ ወጣና ስፖንሰሮቹን እንደ ገና አመሰገነ። ተጫዋቾቹም ቀስታቸውን አውርደው ሰሙት።

ከአራተኛው ክፍል በኋላ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ተማሪዎቹ ከመጀመሪያውም ቆመው ነበር። ተጫዋቾቹ ለጭማሪ የሚሆን ሌላ ኖታ አውጥተው ማቆሚያው ላይ ሲዘረጉ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ የስጦታ ሥነ ሥርዓት አስቀድሞ ደረሰና ለአራቱም በየተራ ጋቢ ተደረበላቸው። በጋቢ ተጠቅልሎ ቀስት መጎተት አይቻልም፤ ጋቢውን አውልቆ መጣልም ነውር ነው። ስለዚህ ፎቶ ተነሡ። ጭማሪው ቀረ፤ ጋቢው ግን ጥሩ ጋቢ ነበር።