ፍሪጅ የማይፈልገው ቺዝ፦ እዚህና ሀገር ቤት

እዚህ አሜሪካ የሚቀባ ቺዝ (ተራ ቺዝ ቀልጦ እንደገና የሚሠራው) ማሸጊያ ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ስም የሻጩ ፈጠራ አይደለም፤ ሕግ የወሰነው ነው። «ፕሮሰስ ቺዝ ፉድ» የተባለ ውኃው ከ44 በመቶ መብለጥ፣ ስቡም ከ23 በመቶ ማነስ የለበትም። «ፕሮሰስ ቺዝ ስፕሬድ» ከሆነ ውኃው ከ44 አልፎ እስከ 60 በመቶ እንዲደርስ ተፈቅዶለታል፤ ስቡ ግን ቢያንስ 20 በመቶ፣ ከጠቅላላ ክብደቱም ቢያንስ 51 በመቶው ቺዝ መሆን አለበት፤ በ21 ዲግሪ ሴልሺየስም በቀላሉ የሚቀባ መሆን ይጠበቅበታል። «ቺዝ ፕሮዳክት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግን ከእነዚህ ልኮች ውጭ የሆነ ነገር ይዛችኋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ቬልቪታ ለተባለው የቀለጠ ቺዝ አምራች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነበር፦ ምርቱ ውስጥ የወተት ፕሮቲን ኮንሰንትሬት ገብቷል፣ ደንቡ ደግሞ ለስፕሬድ ከሚፈቅዳቸው ነገሮች ውስጥ እሱ የለም። ስሙ ተቀየረ።

ሀገር ቤት የሚገዛው ሰው የሚያየው በፎይል የተጠቀለለውን ሦስት ማዕዘን፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕልና የማለፊያ ቀኑን ነው። የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙ ወደ ጥቂት በክብደት ነውና ከቺዝ በፊት ውኃና የፓልም ዘይት ከቀደመ፣ ስቡ በብዛት ከላም አልመጣም ማለት ነው። ለልጅ ምሳ ዕቃ የሚገዛ ወላጅ ይህን አንድ መስመር ቢያነብ ከሥዕሉ ይልቅ ይጠቅመዋል።

በውጭ የምንኖር ብዙዎቻችን ደግሞ ተቃራኒውን ስሕተት እንሠራለን፤ የቀለጠ ቺዝን ሁሉ «ፕላስቲክ» ብለን እንንቃለን። ትክክል አይደለም። ዋልተር ገርበርና ፍሪትዝ ሽቴትለር እ.ኤ.አ. በ1911 በስዊዘርላንዷ ቱን ከተማ ኤመንታል ቺዝን በሶዲየም ሲትሬት ሲያቀልጡ የፈለጉት ወደ ሞቃት አገር ሲላክ የማይበላሽ ቺዝ ነበር። በአሜሪካ ጄምስ ክራፍት የራሱን ዘዴ በ1916 በፓተንት አስመዘገበ፤ በቆርቆሮ የታሸገው ቺዙም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሩ ቀረበ። ሊዮን ቤል ፈረንሳይ ውስጥ «ላ ቫሽ ኪ ሪ» የተባለውን የቀለጠ ቺዝ ያስመዘገበው በ1921 ነው። ዕቃው ከመጀመሪያው የታሰበው ፍሪጅ ለሌለው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ውስጥ ዋናው ምሥጢር አቅላጭ ጨው የሚባለው፣ ማለትም ሶዲየም ሲትሬት ወይም ፎስፌት ነው። በሬኔት (ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም) የረጋ ቺዝ ብቻውን ሲሞቅ ስቡ ይለያል፣ ፕሮቲኑ እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል፤ ምክንያቱም ኬዚን የተባለውን ፕሮቲን እርስ በርሱ ያሰረው ካልሲየም ነው። ሲትሬቱ ወይም ፎስፌቱ ካልሲየሙን ነጥቆ በምትኩ ሶዲየም ይሰጠዋል። የተፈታው ኬዚን ውኃ ይጠጣል፣ የስቡን ጠብታዎች ከብቦ ይይዛል። የአሜሪካ ደንብ የእነዚህን ጨዎች ድምር በ3 በመቶ ይገድባል፤ ዝቅተኛ የሙቀት ልኩም 65.5 ዲግሪ ለ30 ሰከንድ ነው። ፋብሪካዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ እያማሰሉ ያበስላሉ።

የሚበላሸውም እዚህ ነው። የሚቀባ ቺዝ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ፤ ሲወርድ ይኮመጥጣል) ከ5.6 እስከ 6.0 ገደማ ሲሆን ይመቸዋል፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ይፈረፍራል፣ በጣም ከወጣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ለባክቴሪያም ይመቻል። ጥሬ ዕቃው ሁሉ ያረጀ ቺዝ ከሆነ ጣዕሙ ይጎላል፣ ነገር ግን ፕሮቲኑ ስለተቆራረጠ ስቡን መያዝ ያቅተዋል፤ ሁሉም ለጋ ከሆነ ደግሞ ጣዕም አልባና ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ይቀላቅላሉ። በሙቀት ላይ ማማሰሉ ሲቀጥል ቺዙ እየወፈረ ይሄዳል። ልኩ ላይ ካልቆመ ግን ደርቆ መቀባት ይሳነዋል፤ ስፕሬድ እንደታሸገ በፍጥነት የሚቀዘቅዘው ይህ ውፍረት እንዲቆም ነው። ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ ፎስፌቱ ወይም ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) በዝቶ ክሪስታል ሠርቷል። አባብጦ የተነፋ ማሸጊያ ደግሞ ጨርሶ አይከፈት፤ ይጣል። መቀቀል የማይገድላቸው፣ ክሎስትሪዲየም የተባለ ባክቴሪያ ዘሮች (ስፖሮች) በውስጡ ነቅተው ጋዝ ፈጥረዋል። ለነዚህ መከላከያ ጨው፣ ትክክለኛ ፒኤችና ኒሲን የተባለ ባክቴሪያ ተከላካይ ንጥረ ነገር ያገለግላሉ፤ የአሜሪካ ደንብ ለስፕሬድ እስከ 250 ፒፒኤም (በአንድ ኪሎ 250 ሚሊ ግራም) ኒሲን ይፈቅዳል።

ቤት ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ልኩ ይኸው፦ 250 ግራም ቸዳር፣ 120 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 7 ግራም ሶዲየም ሲትሬት። ሲትሬቱን በውኃው ውስጥ አሟሙታችሁ ለስለስ ባለ እሳት አሙቁት፤ የተፈቀፈቀውን ቺዝ እፍኝ በእፍኝ እየጨመራችሁ አማስሉ፣ በመጨረሻም በእጅ ብሌንደር ምቱት። ውኃው 56 በመቶ፣ ስቡ 22 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ከስፕሬድ ልክ ውስጥ ነው። ስቡ ከተለየባችሁ እሳቱ በዝቷል ወይም ቺዙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጨምሯል፤ ጥቂት ሙቅ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና ምቱት። ይህ ግን የፋብሪካው ዓይነት ዕድሜ የለውም፤ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሳምንት ውስጥ ይበላ።

በእኛ አይብ ይሞከር እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። በዚህ መንገድ አይሆንም። አይብ ከአሬራ የሚወጣ፣ በአሲድና በሙቀት የረጋ ነው፤ ካልሲየሙ ከአጓቱ ጋር አብዛኛው ሄዷል፣ ስቡም ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው ጥቂት ነው። ሲትሬቱ የሚፈታው እስር የለም። ሲሞቅ ይበልጥ ውኃውን ይተፋል እንጂ አይቀልጥም።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው፦ በየቤቱ ፍሪጅ ያለበት አገር ይህን ቺዝ ያመርታል፤ መብራት የሚቆራረጥበት፣ ወተት ከገበሬው እጅ ሳይወጣ የሚኮመጥጥበት አገራችን ደግሞ ከውጭ ይገዛል። ሁዳዴ ሲገባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ላሟ ግን አትጾምም። 10 ሊትር ገደማ ወተት 1 ኪሎ ጠንካራ ቺዝ ይወጣዋል፤ ያ 1 ኪሎ ከላይ ባለው ልክ 1 ኪሎ ተኩል የሚቀባ ቺዝ ይሆናል፣ ለፋሲካም ይደርሳል። እንቅፋቱ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ በሬኔት የረጋ ቺዝ የሚያበስል ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልጋል፤ ፎይሉ ተራ አሉሚኒየም ሳይሆን ላክ (መከላከያ ቅብ) የተቀባ መሆን አለበት፣ አለዚያ ጨውና አሲዱ ይበላዋል፤ ፒኤች መለኪያና ላቦራቶሪም የግድ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የወተት ማኅበር በፎይል ያለ ፍሪጅ የሚቆየውን እንዲያመርት አልመክርም። በንጹሕ ኩባያ በትኩሱ ከ75 ዲግሪ ሳይወርድ ሞልቶ፣ ወዲያው ከድኖ፣ አቀዝቅዞ፣ ፍሪጅ ላላቸው ሆቴሎችና ካፌዎች ማቅረብ ይችላል። የመቆያ ጊዜውን በላቦራቶሪ አስመርምሮ ካረጋገጠ በኋላ ወደ ፎይሉ ይለፍ።