ከምንም ላይ ስንት ልመልስልዎ?

ዛሬ ማታ ከዚያ ፊልም ቤት ተዋርጄ ተመልሻለሁ። አዎን፣ ከእንግዲህ በደጁ አላልፍም ብዬ እዚሁ ገጽ ላይ የማልኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ የእህቴ ልጅ ትኬቱን ቀድሞ ስለ ቆረጠ መሐላውን ያፈረሰው እርሱ ነው በሚል ሰበብ ተከትዬው ሄድኩ። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ከቀትር ጀምሮ ደሴ ላይ ተኝቶ ስለ ዋለ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መብራቱ እስካሁን አልመጣም፤ የስልኬ ባትሪ 31 በመቶ ላይ ይገኛል። እርሱ ሳያልቅ የሆዴን ልናገር።

ያሳዩን የ«አቫታር»ን ሁለተኛ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ፊልም ዛሬ ምን ያደርጋል ብላችሁ እንዳትደክሙ፤ እኔ ጠይቄ መልሱን አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ስለ ወጣና ቅዳሜ እርሱን ስለሚያሳዩ፣ ተመልካቹ ያለፈውን እንዲያስታውስ በማሰብ ነው አሉ። እስቲ አስቡት። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ገንዘብ ካስገቡ ፊልሞች ተርታ የቆመ፣ ሦስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አዳራሹን ከሞላው ሰው አብዛኛው አንድ ጊዜ ያየው ሥራ፣ ታሪኩን የሚያስታውስ ስለ ጠፋ እንደገና መታየት አስፈለገው። ወረፋ ላይ ሳለን ከፊቴ የቆሙትን ሦስት ወጣቶች «የዋናው ሰውዬ ስም ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ጥቂት አሰበና «ሰማያዊው?» አለኝ። ሁሉም ሰማያዊ ናቸው እኮ ልጄ!

ዓይኔን አልክድም፤ ምስሉ ያስደምማል። ቤተሰቡ ከጫካው ተሰድዶ ወደ ባሕሩ ሕዝብ ሲደርስና ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውኃው በታች ሲገቡ፣ አዳራሹ ውስጥ ፈንዲሻ የሚያላምጠው ሁሉ መንጋጋው ቆመ። እኛ እንግዲህ ትልቅ ውኃ ሲባል ሐይቅን አይተን የጨረስን ሰዎች ነን፤ ብርሃን ከላይ ወደ ታች እየተሰነጠቀ ሲወርድ፣ ዓሣው ሲበተንና ሲሰበሰብ፣ ያ ተራራ የሚያህል ፍጡር በዝግታ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ሲያየን፣ ጋቢዬን ወደ አንገቴ ሳብኩ። ተዋንያኑ በእውነተኛ ገንዳ ውስጥ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የተወኑት፤ ኬት ዊንስሌት ከሰባት ደቂቃ በላይ ሳትተነፍስ ቆይታለች። ፊልሙ በኮምፒውተር ምስል ቅንብር ያገኘውን ኦስካርም ማንም አይቀማውም። ግን እነዚህ ሁሉ ሰዎች ትንፋሽ መያዝን እንዲህ ሲለማመዱ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ለሰባት ደቂቃ ስለ ታሪኩ ቢያስብ ምን ነበረበት?

በመጀመሪያው ክፍል ሰዎች ፓንዶራ ወደምትባለው ጨረቃ የሄዱት ውድ ማዕድን ፍለጋ ነበር። በሁለተኛው ማዕድኑ ተረስቶ፣ አሁን የሚታደነው ዓሣ ነባሪ የሚመስለው ፍጡር ነው፤ ከአንጎሉ የሚቀዳው ፈሳሽ የሰውን እርጅና ያስቆማል ተብሏል። እርጅናን ማስቆም! ይህ ብቻውን ሦስት ሰዓት የሚያነጋግር ጉዳይ ነበር፤ ማን ይገዛዋል፣ ማን ያለ እርሱ ይሞታል፣ የማይሞት ሰው ልጁን እንዴት ያሳድጋል ተብሎ ሊጠየቅበት ይችል ነበር። ፊልሙ ግን በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳይቶን፣ ዋጋውን ነግሮን ወደ ተኩሱ ሮጠ። በመጀመሪያው ክፍል በቀስት ተወግቶ የሞተው ኮሎኔል ደግሞ ትዝታው አስቀድሞ ተቀድቶ ኖሮ በሰማያዊ ገላ ተመልሷል። ሙት በዚህ መልኩ ከተነሣ በኋላ ስለ ማን ነፍስ ልስጋ? ልጆቹ ይማረካሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግመው ይማረካሉ፤ ትንሿ ልጅ ራሷ እንደገና መታሰሯ ሲገርማት ከእርሷ ጋር የተስማማሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሴራ ማለት አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ የሚሄድበት ሰንሰለት ነው ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። እዚህ የተመለከትኩት ሰንሰለት ልጆቹ የታሰሩበትን ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ለኦስካር በዘጠኝ ዘርፍ ሲታጭ፣ ለድርሰቱ የተሰጠው እጩነት አንድም አልነበረም፤ ያሸነፈባቸው ሦስቱም ዘርፎች የዓይን ናቸው፤ ካሜራው፣ የሥነ ጥበብ ዝግጅቱና የኮምፒውተር ምስል ቅንብሩ። ከዚያ 13 ዓመት ተጠበቀ። በ13 ዓመት ውስጥ የውኃውን ጠብታ አንድ በአንድ አጠሩት፤ ታሪኩን ግን ከነአቧራው ከመደርደሪያ አወረዱት።

ወጣቶች እንደሚሉት ደግሞ የምስል ጠላት አይደለሁም። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው የሕዋ ፊልም ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አንድም ሰው ቃል አይተነፍስም፤ ዝንጀሮ መሰሉ ፍጡር አጥንት ወደ ሰማይ ይወረውርና አጥንቱ ሲወርድ በቦታው የሕዋ መንኮራኩር እናያለን። በአንዲት የምስል ቅያሪ የሰው ልጅ ከመጀመሪያው መሣሪያው እስከ ሕዋ የሄደበት መንገድ ተነገረ። እዚያ ውስጥ ምስሉን ከታሪኩ ለይተህ አውጣ ብትሉኝ አልችልም። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሌላ ምን ጠየቅሁ?

ችግሬ ይህንን ሁሉ በዕረፍቱ ሰዓት፣ ሻይ በእጄ ይዤ፣ በክፍል ውስጥ ድምፄ መናገሬ ነው። የእህቴ ልጅ እጅጌዬን ሁለት ጊዜ ጎተተኝ። አልሰማሁትም። ባለፈው በዚሁ ቤት «አዲስ ገባ» ተብዬ ከፍዬ፣ ከሌላ ሲኒማ በድብቅ በእጅ ካሜራ የተቀዳ ፊልም ሲያሳዩኝ፣ የማላውቀው ሰው ጭንቅላት በጀግናው ደረት ላይ አልፎ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ዝም ብዬ ስላየሁ፣ የዚያም ቁጭት አብሮ ሳይወጣ አልቀረም። እናም ትኬት ቆራጩ አጠገቤ ፈንዲሻ እየሸጠ ሳለ፣ «ይህ ፊልም ታሪክ የለውም! ምንም ነው!» ብዬ ደመደምኩ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እርሱም ይዟት ነበር።

መብራቱ የሄደው ትልቁ ልጅ ከሞተ በኋላ፣ መርከቡ ሲሰምጥ ነው። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ሩብ ሰዓት በጨለማ ተቀመጥን። በመጨረሻም ትኬት ቆራጩ ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ በሩ ላይ ቆመና «ይቅርታ፣ ለዛሬ በቃ» አለ። እኔም በትሕትና ተጠጋሁት።

«ልጄ፣ ታሪኩ ሳያልቅ ስለ ተቋረጠ ከ200 ብሩ ቢያንስ ግማሹን ልትመልሱልን ይገባል።»

የስልኩን መብራት ቀስ አድርጎ ፊቴ ላይ አሳረፈው።

«ጋሼ፣ ቅድም ሻይ ላይ ይህ ፊልም ታሪክ የለውም ሲሉ አልነበረም እንዴ?»

«ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ።»

«ታዲያ የሌለ ነገር እንዴት ሳያልቅ ተቋረጠ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀ። እኔ በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የማስተማር አባዜ ስላለብኝ፣ በታሪክ አለመኖርና በታሪክ መድከም መካከል ልዩነት እንዳለ፣ ደካማ ታሪክም ቢሆን ፍጻሜ እንደሚገባው ማስረዳት ጀመርኩ። አስጨርሶኝ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ምስሉን ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠግበው አይተዋል። ታሪኩን ከሆነ ምንም ነው ብለዋል። እኔ አሁን ከምንም ላይ ስንት ልመልስልዎ?»

አዳራሹ ፈነዳ። ከጨለማው ውስጥ የማውቀው ድምፅ «ቲቸር፣ ዛሬስ ተያዙ!» አለ። አሥረኛ ክፍል ሳለ «ሴራ» እና «መቼት»ን ለይቶ መጻፍ ያቃተው ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጡዘቱ የት ላይ እንደ ሆነ ግን በትክክል ገባው። የእህቴ ልጅ ዝም ብሏል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን በክንዴ ይሰማኛል። አንዲት እናት ደግሞ አዝነውልኝ፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ልጆች ናቸው» አሉኝ። ከሁሉም የከፋው እርሱ ነበር።

ልጁ ግን በዚህ አላበቃም። «ለማንኛውም መጨረሻውን በነጻ ልንገራችሁ» አለና በሩን ይዞ እንዲህ አወራ፦ «ሰውየው ይተርፋል፣ ሚስቱ ትተርፋለች፣ ጠላታቸውም ይተርፋል፤ ቅዳሜ እንደገና ይዋጋሉ። አለቀ።» ሰውም ሁሉ «እሺ» ብሎ ጫማውን በጨለማ እየፈለገ ወጣ። ልብ በሉልኝ፤ ማንም «እንዴት?» አላለም! ሰው መርከብ ውስጥ ከነቤተሰቡ እየሰመጠ ትተነው፣ ልጁ ገና ሞቶበት፣ አንድ ሰው እንኳ እንዴት ወጣ ብሎ አልጠየቀም። ገንዘቤን የከለከለኝ ልጅ ሳያውቀው ክርክሬን አሸነፈልኝ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት አፌ ተሳስሮ ስለ ነበር ይህንን ሊነግረው የሚችል ሰው አልነበረም።

መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። መቼም መልስ ሁልጊዜ ባጃጅ ውስጥ ነው የሚመጣልኝ። ፒያሳን ስናልፍ፣ በቪዲዮ ቤቱ ዘመን የሕንድ ፊልም ላይ መብራት ሲጠፋ የነበረውን ላስታውሰው ይገባኝ ነበር ብዬ ጭኔን መታሁ። እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ሽሮ ሜዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ምስሉ እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን እናትየዋ የጠፋ ልጇን ልታውቀው አንድ እርምጃ ሲቀራት መብራት ከሄደ፣ ባለቤቱ በሩን ከውጭ ቆልፎ ካልተደበቀ በስተቀር ነፍሱን አያተርፍም ነበር። እኛ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጠን እንጠብቃለን፤ ካልመጣም በማግሥቱ ለመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ብለን እንደገና ከፍለን እንገባለን። ማንም ስለ ምስሉ ጥራት ተናግሮ አያውቅም።

ቧንቧ ውኃ ስንደርስ ደግሞ ሌላ መልስ መጣ። ልጁ በዕረፍቱ ላይ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራው ገንዘብ ያለው ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ለምስሉ ልክ ነው። ለታሪክ ግን ገንዘብ ምን አገባው? ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የምርጥ ድርሰት ሽልማት ሲወስድ፣ የእነዚህ ሰዎች የገንዳ ውኃ የሚገዛበት ገንዘብ እንኳ በእጁ አልነበረም ብዬ እወራረዳለሁ። ይህንን ለባጃጁ ሾፌር ነገርኩት። «ልክ ነዎት ጋሼ» አለኝ። ሒሳብ ሳልከፍል መሟገት ስላልፈለገ ይመስለኛል።

ቤት ገብቼ ሻማ ሳበራ ግን ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ደርሶ ሲመለስ፣ ኩራዝ አጠገብ ተቀምጦ ባሕሩን ይነግረናል። ዋና የማይችል ረዳት ነበረው። ረዳቱ ባሕሩን እየፈራ፣ ነገር ግን ሳይነካው መመለስ እያሳፈረው፣ በየጉዞው ጥቂት ይገባል፤ አንድ ጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ሌላ ጊዜ እስከ ጉልበቱ። አባቴ ሻንጣውን ሳያወርድ እኛ ልጆች በሩ ላይ ተደርድረን የምንጠይቀው ስለ ስጦታ አልነበረም፤ «ዛሬስ እስከ የት ገባ?» ነበር። እስከ ደረቱ የገባበት ማታ ትንፋሼን ይዤ ነው የሰማሁት፤ ታናሽ እህቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ጆሮዋን ደፈነች። ቤታችን ውስጥ አንድ ኩራዝ፣ አንድ የደከመው ሰው ብቻ ነበር። ያንን ባሕር እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም፤ የዛሬውን ደግሞ ውኃው ሳይቀር በጠብታ ተሠርቶልኝ አየሁት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የቀረኝ ግን ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው።

አሁን ባትሪው 9 በመቶ ደርሷል። የእህቴ ልጅ ከወዲያኛው ክፍል፣ «አጎቴ፣ ቅዳሜ ሦስተኛውን እንሂድ እንጂ? ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» እያለኝ ነው። አልሄድም አልኩት። «ታዲያ ሰውየው እንዴት ከመርከቡ እንደ ወጣ ማወቅ አልፈለግህም?» አለኝ። ይህ ልጅ ከእነርሱ ጋር ሳይመክር አልቀረም። እስቲ ከእናንተ መካከል በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ጄኔሬተሩ ተሠርቶ እንደ ሆነ እስከ ዓርብ ጠይቆ ይጻፍልኝ።