የአውሬው ምልክት በእኔ ስም

ዛሬም ባንክ ነው የዋልኩት። የወረፋ ቁጥሬ 87፣ ስክሪኑ ላይ ያለው 31። መሃል ላይ «ሲስተም የለም» ተባለ። ሲስተሙ መጣ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠን ተመልሶ ሄደ። እኩለ ቀን አልፎ ብሩን ይዤ ስወጣ ያንገበገበኝ ምን መሰላችሁ? ብሩ የእኔ አይደለም። የአክስቴ ነው።

እቴቴ የራሷ ሂሳብ አላት። ዱባይ ያለችው ልጇ ዓመታት ሙሉ ስትልክላት የኖረችው በሱ ነበር። ባንኩ «ፋይዳ አያይዢ»፣ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያውን ማለት ነው፣ ሲላት ግን አሻፈረኝ አለች። 666 ነው፣ በቀኝ እጅ ወይም በግንባር ላይ ይደረጋል የተባለው የአውሬው ምልክት ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ። ምን ተደረገ? ልጅቷ በእኔ ሂሳብ እንድትልክ በቤተሰብ ተወሰነ። እኔ ፋይዳ አለኛ። የአስሩንም ጣቴን አሻራ ሰጥቻለሁ፣ ዓይኔን ተነስቻለሁ፣ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሬ ስልኬ ላይ አለ። እንግዲህ ሂሳቡን አስሉት። ምልክቱ የእኔ፣ ገሃነሙ የእኔ፣ ወረፋው የእኔ። ብሩ የእሷ።

አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ በአውሬው ቁጥር የመጣ ብር አያረክስም እንዴ?»

«እኔ ምን አገባኝ! እኔ የምቀበለው ከአንተ እጅ ነው» አለችኝ። እጄን አየሁት። ቀኙ ነበር።

ሞኝ እንዳትመስላችሁ። መርካቶ በርበሬ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት። ሚዛን ሳይኖር በእጇ ከፍ አድርጋ ብቻ «ይህ ኪሎ አይሞላም» ትላለች፣ አይሞላም። ያን ሁሉ ዓመት ነጋዴ ያላታለላትን ሴት ምን ነካት? ማኅበር ገባች። ማክሰኞና ዓርብ አንድ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ። ቴሌግራም ላይ ቻናል አላቸው። መምህሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቮይስ ይለቃል፤ እቴቴ ደግሞ ለእኔ ታስተላልፍልኛለች። ዶሮ ሳይጮህ «ጊዜው አልቋል» እየተባልኩ ነው የምነቃው። ለቁርስ ይህ ምን ይባላል?

የዓለም ፍጻሜ መጀመሪያ «እስከ መስከረም» ነበር። መስከረም ጠባ፣ አደይ አበባ ወጣ፣ ምንም የለም። ከዚያ «ከፋሲካ አያልፍም» ሆነ። ፋሲካን በልተን አደርን። በማግስቱ ቮይስ መጣ፦ በጸሎታችን ተራዘመ። አያችሁ ብልጠቱን? ከመጣ «ብዬ ነበር»፤ ካልመጣ «አስቀረሁላችሁ»። የማያስበላ ቁማር ማለት ይህ ነው።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ በነበረበት ሰሞን ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ አምፖሉ ሲወዛወዝ እኔም ፈርቻለሁ። አልዋሽም። ነጠላ ጫማ አጥልቄ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ተመልሼ ሳልወጣ ቮይሱ ደርሷል። ማኅተሙ ተፈታ ምናምን። ወንድሜ፣ ስምጥ ሸለቆ ጫፍ ላይ ነው የምንኖረው! ምድሩ ሲሰነጠቅ የኖረው አንተ ቴሌግራም ሳትከፍት ነው። ደግሞ የዚያን ሰሞን ከቤታቸው ወጥተው ሜዳ ላይ ያደሩት የፈንታሌ ሰዎች ነበሩ። ማኅበሩ ብርድ ልብስ ይሰበስብላቸው ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። መዋጮስ ተሰበሰበ። ለድምፅ ማጉያ።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን «ስምንተኛው ሺ ደረሰ» የሚሏት ነገር ናት። እኔ ይህን ቃል ከአያቴ አፍ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የዶሮ ዋጋ ሲጨምር፣ «ወይ ስምንተኛው ሺ!» የሰፈር ጎረምሳ ሽማግሌ ገፍቶ ታክሲ ውስጥ ሲገባ፣ «ስምንተኛው ሺ!» ትልና ተነስታ ጌሾዋን ትወቅጣለች። ለሷ ማማረሪያ ነበር። ተናግራው ይወጣላታል። እነዚህ ግን ማስፈራሪያ አደረጉት።

ለነገሩ ደረሰ የሚሉት መቼ ነው የደረሰው? በራሳችን በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳቡ እንሂድ። ከፍጥረት እስከ ልደት 5500 ዘመን። 2018ን ጨምሩበት፣ 7518። ሰባት ሺው የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺ የገባው አፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ዙፋን ላይ በወጣ ሰሞን ማለት ነው። «ሊገባ ነው» የምንለው እንግዳ ገብቶ፣ በልቶ፣ ጋቢ ለብሶ ከተኛ 500 ዓመት አለፈው።

ያኔ የነበረ ሰው ዓለም አለቀች ቢል አልፈርድበትም። በ1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር በግራኝ አሕመድ ሲፈታ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? በክፉ ቀንስ? ከ1880 ጀምሮ ከብቱ አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሕዝቡ በረሃብ ረገፈ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሰው አሳዩ ይባላል። ዶማ! ያ ሁሉ መዓት ፊታቸው ተደርድሮ ሰውየው የያዙት ዶማ ነው። የእኛ መምህር ማይክ ይዟል።

ይህ መጠበቅ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ በኋላ ዘመን ይመጣል ተብሎ ስለተጻፈ አይደል ቋረኛው ካሣ በ1847 ሲነግሡ ስሙን የወሰዱት? ከ13 ዓመት በኋላ መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ዛሬም ግን «እሳቸው አይደሉም፣ ገና ነው የሚመጣው» የሚል ሞልቷል።

ፈረንጁም ከእኛ አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ ዊልያም ሚለር የሚባል ገበሬ ከዳንኤል መጽሐፍ ቆጥሮ ክርስቶስ ይመጣል አለ፤ ተከታዮቹ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22፣ 1844 ብለው ቆረጡት። ድንቹን ሳይቆፍር የተወ ገበሬ ሁሉ ነበር። ሲነጋ ተላቀሱ። በቅርቡ ደግሞ ሃሮልድ ካምፒንግ የሚባል የሬዲዮ ሰባኪ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21፣ 2011 አለ። አንድ ጡረተኛ ያጠራቀመውን 140 ሺህ ዶላር ማስታወቂያ ሲለጥፍበት ጨረሰው። ቀኑ አለፈ። ሰባኪው ምን አለ? ጥቅምት ነው አለ። ጥቅምትም አለፈ።

ቆይ፣ መጽሐፉን ራሱ አያነቡትም? ማቴዎስ 24ን ሌት ተቀን ይጠቅሳሉ። ጦርነት፣ ረሃብ፣ መንቀጥቀጥ። እዚያው ላይ «መጨረሻው ገና ነው» የሚለውን ይዘሉታል። ያችን ቀን ከአብ በቀር ልጅም ቢሆን አያውቃትም የሚለውን ይዘሉታል። 666ንም ቢሆን በዕብራይስጥ ፊደል የሮማውን ንጉሥ «ኔሮን ቄሳር» ብለህ ስትደምረው የሚመጣ ቁጥር ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ግንባር ላይ ምልክት ካልን ደግሞ አያቴ ግንባሯ ላይ የተነቀሰች መስቀል ነበራት። እሷን ምን ልንላት ነው?

እስካሁን እየቀለድኩ ነው የጻፍኩት። የማልቀልድበት አንድ ነገር አለ። የእቴቴ ትንሹ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ይማር ነበር፣ ኤሌክትሪክ። ጎበዝ ነው። የእኔን ቤት ሶኬት የቀየረው እሱ ነው፣ ያውም አንድም ሽቦ ሳይተርፍ። የማኅበሩ መምህር «ሦስት ወር ለቀራት ዓለም ምን ዲፕሎማ» ሲል ሰማ፣ አቋረጠ። ሦስት ወሯ ይኸው 14 ወር ሆናት። ልጁ ቤት ተቀምጦ ጣሪያ ያያል። የመሣሪያ ቦርሳው አልጋ ስር ነው፣ ፒንሳው ዝጓል። ባለፈው «ተመለስና ተመዝገብ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ» አልኩት። «ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ። ሰው ማለት ማኅበሩ ነው። ጳውሎስ እኮ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብሎ የጻፈው ቀኑ ደርሷል እየተባለ በሚታመሱበት መሃል ነው። ይህን ቮይስ የሚያደርግልኝ መምህር ፈልጉልኝ።

የመምህሩ ልጆችስ? ይማራሉ። አይቻቸዋለሁ፣ በዩኒፎርም፣ ሰርቪስ እየጠበቁ። ደግ አደረገ፤ ልጆቹ ምን በደሉ። የእቴቴስ ልጅ ምን በደለ?

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት።

«ገባ?»

«ገብቷል እቴቴ፣ አውጥቼዋለሁ። ማታ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ተባረክ የኔ ልጅ! ስማ፣ የምሥራች ልንገርህ። ልጄ ኮንትራቷን አደሰችልኝ! ሁለት ዓመት ፈረመች፣ ደሞዝም ጨመሩላት። እልል በል እንጂ!»

ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት።

«ሰማኸኝ? እንግዲህ እስከዚያ ሂሳቡን እንዳትዘጋው» አለችና ዘጋችው።