መቅዳት ነውር አይደለም

ስለ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የቆረጠው ጆሮው ነው፤ ከዚያ ሕመሙ፣ ከዚያ ብቸኝነቱ። ሌሎች ሠዓሊዎችን ምን ያህል ይወድ እንደነበር ግን እምብዛም አይወራም። ሥራውን ለመረዳት የሚጠቅመን ግን ይኸኛው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1875 የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዣን ፍራንሷ ሚሌ ንድፎች ፓሪስ ውስጥ ለጨረታ ሲቀርቡ አያቸው። የገበሬ ልጁ ሚሌ ሲዘሩ፣ ሲያጭዱና ሲያርፉ የነበሩ ሰዎችን ሲሥል ኖሮ በዚያው ዓመት ነው የሞተው። የ22 ዓመቱ ቫን ጎግ አዳራሹ ሲገባ የተሰማውን ለወንድሙ ለቴዎ ሲጽፍ ለሙሴ የተነገረውን ቃል ጠቀሰ፦ የቆምህባት ስፍራ የተቀደሰች ናትና ጫማህን አውጣ። ጫማውን ደጅ ትቶ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚያይ ያገራችን ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ከ1889 መጸው እስከ 1890 መጀመሪያ ወራት ድረስ፣ ደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ሳለ፣ 21 ሥዕሎችን ከሚሌ ቀዳ። በእጁ የነበሩት ጥቁርና ነጭ ሕትመቶች ስለነበሩ ቀለሙን ያመጣው ራሱ ነው። ይህንንም የሌላን ሰው ድርሰት ከሚጫወት ሙዚቀኛ ጋር አመሳስሎታል። እኛስ ትዝታ ያዜመን ሁሉ መች ሰረቀ እንላለን?

ከቅጂዎቹ «የመጀመሪያ እርምጃዎች» የሚባለውን ልብ ብላችሁ እዩት። አባት አካፋውን ጥሎ ጓሮው መሬት ላይ ተንበርክኮ እጆቹን ዘርግቷል፤ እናት ሕፃኑን ከኋላ ደግፋለች። የፊታቸው ዝርዝር የለም ማለት ይቻላል። ደስታው ያለው በአባት ክንድና በሕፃኑ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቀጂው ያንን ክፍተት በጥቂቱ ካጠበበው ልጁ ደርሷል፤ ካሰፋው ደግሞ አይደርስም። ሥዕሉ የተሠራው በጥር 1890 ሲሆን የቴዎ ሚስት ያኔ ልትወልድ ቀናት ቀርተዋት ነበር።

ቫን ጎግ ቴዎ የላከለትን ፎቶግራፍ ያሳደገው ካሬ እያሰመረ ነው። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ሕትመት በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ አስምሩ፤ 80 በ100 የሆነ ሸራ ደግሞ በየ10። በሁለቱም ላይ 8 በ10 ካሬ ይወጣል። ከዚያ የሥዕሉ መስመር የካሬውን ጠርዝ የት ላይ እንደሚያቋርጥ እያያችሁ አንድ በአንድ ማሸጋገር ነው። ሸራው 70 በ100 ከሆነ ግን ምጥጥኑ ስለማይገጥም ሰዎቹ ይደፈጠጣሉ፤ ሕትመቱን አስቀድማችሁ ቁረጡት።

በቀጭን ከሰል አስምሩ፤ እርሳስ በስስ የዘይት ቀለም ሥር ያሳልፋል። ከመቀባታችሁ በፊት ግን ከሰሉን በደረቅ ጨርቅ አራግፉት። ብናኙ ከቢጫ ጋር ሲገናኝ ቆሻሻ አረንጓዴ ይሆናል፣ የሚሌ የገለባ ክምር ደግሞ ያለ ንጹሕ ቢጫ ከንቱ ነው። ጥላውን በጥቁር ሳይሆን በሐምራዊ ሞክሩት፤ ቫን ጎግ ራሱ ቢጫን ከሐምራዊ፣ ብርቱካንማን ከሰማያዊ ያጋጥም ነበር።

የስልክ ፎቶ አይቶ ቀለሙን እንዳለ መገልበጥ አይመከርም። ምክንያቱ የስክሪን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቫን ጎግ የተጠቀመባቸው አንዳንድ ቀይ ቀለሞች ብርሃን ስለማይችሉ ደብዝዘዋል፤ የመኝታ ክፍሉ ሥዕል ግድግዳ ሐምራዊ ነበር፣ ዛሬ የምናየው ሰማያዊ ነው። በፕሮጀክተር መገልበጥም እጅን ያፈጥናል እንጂ ዓይንን አያስተምርም። የክፍተቱን ስፋት የወሰነው መብራቱ ነዋ!

ከሚሌ ቀጥሎ ወደ አገር ቤት መምጣት ለሚፈልግ የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የታደሰ መስፍን የጉልት ሴቶች አሉለት። ቁመታቸው ሆን ተብሎ የተለጠጠ ስለሆነ «ላስተካክለው» የሚለውን ፈተና ካሬው ይገታል። ቅጂውን ከዋናው በተለየ መጠን ሥሩት፤ ከጀርባው ላይ ከማን እንደተቀዳ ጻፉ። በሕይወት ካለ ሠዓሊ ከሆነና ልትሸጡት ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ አስፈቅዱ።