ኮምቦልቻ ለሥራ የምትሄዱ፣ ሰኞን አስቡበት

ስለ ኮምቦልቻ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከተማዋን «ፋብሪካ ብቻ ናት፣ ጉዳይህን ጨርሰህ ውጣ» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ደሴ ጨርቅ እነግዳለሁ፣ በወር ሁለቴ እወርዳለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግን ጋቢ ለብሼ ተነስቼ የሐረጎን ቁልቁለት ስጨርስ ጋቢው ጭኔ ላይ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ጉዳይ ያለው ሰው ቀጠሮውን ማክሰኞ ያድርግና ሰኞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ባለችው ባቲ ከተማ፣ በሰኞ ገበያዋ ይዋል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው። ግመል ተራ ግን በነጭ ጫማ አትግቡ (እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ)።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከደሴ ወደ ሰሜን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለላችሁ። የወንዶቹ ገዳም ሴት ስለማያስገባ ባለቤቴ ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዛ ጠበቀችኝ። ስመለስ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።