ክሩን ግፋው

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ጊታሩን ይዞ ቤት መጣና አንድ የሜታል ሶሎ፣ ማለትም ጊታር ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበትን የዘፈን ክፍል፣ ተጫወተልኝ። ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጣቶቹን ዓይን አይከተላቸውም። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) በየቀኑ ፍጥነቱን ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው የተማረው። ሲጨርስ «እስኪ አንድ ኖታ ብቻ ገፍተህ ያዝልኝ» አልኩት። ክሩን ገፋ። ድምፁ መድረስ ካለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ያንን ተለማመድ ያለው ሰው ስላልነበረ ነው። ዛሬ ጊታር የሚማሩ ብዙ ልጆች የሚፎካከሩት በፍጥነት ነው። እኔ ግን በሮክም ይሁን በሜታል ሶሎን የምወደው በሚገፋው ጣት ነው። ቤንድ የሚባለው ክሩን ፍሬቱ ላይ (ፍሬት የጊታሩ አንገት ላይ ድምፆቹን የሚለየው የብረት መስመር ነው) ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። ቫይብራቶ ደግሞ የተያዘውን ድምፅ በጣት ማወዛወዝ ነው። ሁለቱ ከሌሉ ጊታር አይዘፍንም።

ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ፍሬት የለውም። ጣት ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ስለዚህ አዝማሪው እያንዳንዱን ድምፅ በጆሮው ፈልጎ ያገኛል። ጊታር ላይ ክር ሲገፋም እንደዚያው ነው። ፍሬቱ አያግዝም፤ የት መቆም እንዳለበት ለጣት የሚነግረው ጆሮ ብቻ ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው የፒንክ ፍሎይድን «ኮምፈርታብሊ ነምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው «ዘ ዎል» አልበም ውስጥ ያለውን። የቡድኑ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር እዚያ ሁለት ሶሎ ይጫወታል። የማወራው ዘፈኑን ስለሚዘጋው ስለ ሁለተኛው ነው። ቁልፉ ቢ ማይነር ነው፤ አብዛኛው የተሠራው ደግሞ በአምስት ድምፆች ነው። ሮከሮች ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። በእኛ ቅኝት ባቲ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ማንም ጀማሪ በአንድ ሳምንት ይማራቸዋል። ጊልሞር ግን ኖታውን ሳይቸኩል ይገፋዋል፣ ያቆየዋል፣ ከዚያ ያወዛውዘዋል። በመሃል ዝም ይላል። ዝምታውም የሶሎው ክፍል ነው።

ሶሎው በአንድ ቅጂ የተጠናቀቀ አይደለም። ጊልሞር አምስት ስድስት ጊዜ ቀድቶ፣ ከየቅጂው የወደደውን እየመረጠ እንዳገጣጠመው ተናግሯል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔን የበለጠ ነው ያስወደደኝ። ሰውዬው ቁጭ ብሎ የራሱን ጣት እንደ አድማጭ ሰምቷል። ያን ሶሎ የተጫወተበት ጥቁር ጊታሩ እ.ኤ.አ. በ2019 ጨረታ ላይ ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ዶላር ተሸጧል። ጣቶቹ ግን አብረው አልተሸጡም።

«ይሄ ሮክ ነው፣ ሜታል ፍጥነት ይፈልጋል» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲያው ሜታልን ከጀመረው ሰው እንነሳ። የብላክ ሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ነው። የተቆረጠው ክር የሚይዝበት የቀኝ እጁ፣ ያውም የመሐልና የቀለበት ጣቱ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት። በዚያ ቆብ ክሩ ለጣቱ አይሰማውም። ወፍራም ክር ስለሚያስቸግረው ቀጫጭን ክር መጠቀም ጀመረ። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ደግሞ በብዙዎቹ ዘፈኖች ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው፤ ክሩ ሲላላ ለመግፋት ይቀላል። ያ የከበደ ድምፅ የመጣው እንዲህ ነው። ሰውየው ጣቱን አጥቶም የሚታገለው ክር ለመግፋት ነበር።

የሜጋዴዝ ጊታሪስት የነበረው ማርቲ ፍሪድማንም አለ። በ1990 ሜጋዴዝ ባወጣው «ረስት ኢን ፒስ» ላይ «ቶርኔዶ ኦፍ ሶልስ» የሚለውን ስሙ። ፈጣን ነው፤ ግን የሚይዘኝ ፍጥነቱ አይደለም። ኖታዎቹን ከታች እየገፋ ነው የሚደርስባቸው፤ ልክ ድምፃዊ ቃሉን ጎተት አድርጎ እንደሚያነሳው። ፍሪድማን ኤንካ የሚባለውን የጃፓን ዘፈን በጣም ይወዳል፤ የዘፋኞቹን አወጣጥ በጊታር ለማምጣት ብዙ ለፍቷል። ኤንካ በብዛት የሚዘፈንበት ማይነር ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ድምፆቹ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ይህን ሳላውቅ ነው ለዓመታት ያ ጊታር ሆዴን ሲያባባው የኖረው።

ፍጥነትን አልጠላም። የኤዲ ቫን ሄለን «ኢረፕሽን» በ1978 ሲወጣ ሁሉም ታፒንግ ታፒንግ አለ፤ ይኸውም ክሩን በመምቻው እጅ ጣት ፍሬቱ ላይ እየመቱ መጫወት ነው። ቁራጩ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ነው፤ ታፒንጉ የሚመጣው ከግማሽ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ልብ ብሎ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። የኦዚ ኦዝቦርን ጊታሪስት የነበረው ራንዲ ሮድስም ፈጣን ነበር። በ25 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በየሄደበት ከተማ የክላሲካል ጊታር አስተማሪ ይፈልግ ነበር። ሶሎዎቹን ደራርቦ ይቀዳቸው ነበር፤ ማለትም ያንኑ ቤንድ፣ ያንኑ ቫይብራቶ ሁለት ሦስቴ በትክክል ይደግማል። እስኪ ሞክሩት። የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ደግሞ ተመልከቱ። መሃል ላይ ያለውን ዝግ ያለ ሶሎ የሚጫወተው ጄምስ ሄትፊልድ ነው፤ ፈጣኑ የኪርክ ሃሜት ሶሎ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ አብሮ የሚያዜመው ያንን ዝግ ያለውን ዜማ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት የቤት ሥራ አንድ ነው። ሦስተኛውን ክር ዘጠነኛ ፍሬት ላይ ምታ። አዳምጠው፤ በአፍህም ድገመው። ከዚያ ሰባተኛው ፍሬት ላይ ሆነህ ያንኑ ድምፅ በመግፋት አምጣው። በቀለበት ጣትህ ግፋ፤ ሌሎቹ ከኋላ ያግዙህ። ቫይብራቶው ይቆይ፤ መጀመሪያ ድምፁ ላይ ድረስ።

አሁን ወር አልፎታል። ማታ ማታ በስልክ ድምፁን ይልክልኛል። ዘጠነኛው፣ ዝም፣ ከዚያ ሰባተኛው እየተገፋ። ትናንት ከላካቸው አሥራ አንድ ሙከራዎች አራቱ ደርሰዋል።