«አንዲት ቁጥር ብቻ ናት»

የዕድራችን ሊቀመንበር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ደንቡን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ወርሃዊ መዋጮው ከሃምሳ ወደ መቶ ብር ከፍ ብሏል። አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ እሷን ቁጥር ብቻ ቀይርልኝ።» ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ኑሮውን የምታበላሸው ይህች «ብቻ» የምትባል ቃል ናት።

ደንቡ 14 ገጽ ነው። የዎርድን ፈልጎ መተኪያ ከፍቼ «ሃምሳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ «መቶ»። ሦስት ቦታ ቀይሬአለሁ አለኝ። ደስ ብሎኝ አሳትሜ ላክሁ።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ አባት መነጽራቸውን አስተካክለው አንቀጽ 9ን ጮክ ብለው አነበቡ። «በየወሩ ሃምሳ ብር ይከፍላል።» ቀጠሉና አንቀጽ 11ን፦ «አምሳ ብር ያልከፈለ አባል...» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም፣ እኔን ነበር የሚያዩት።

አንቀጽ 11ስ ይሁን። «ሃምሳ»፣ «ሀምሳ»፣ «አምሳ» ለኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት ቃል። ይሄን ማሰብ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንቀጽ 9 ግን? እዚያ ያለው ቁልጭ ያለ «ሃምሳ» ነው። እፈልገዋለሁ፣ አልተገኘም ይለኛል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ ቀስሬ «ይኸው አይደል እንዴ!» እላለሁ። አሁንም አልተገኘም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፋይሉን ገነጣጠልኩት። ላላወቀ ልንገረው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ኦፊስ ጋር የመጣው «ዶክኤክስ» የሚባለው ፋይል ከላይ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ዚፕ ነው። ቅጂ አውጡለትና ከስሙ መጨረሻ ያለውን ቅጥያ ወደ «ዚፕ» ቀይሩት፣ ይከፈታል። ምስሎቹ ለብቻ፣ ስታይሎቹ ለብቻ፣ ጽሑፉ ደግሞ «ዶኩመንት» በሚል ስም በኤክስኤምኤል፣ ማለትም በየመሃሉ ለኮምፒውተሩ ምልክት እየተደረገበት፣ ተቀምጧል። በኖትፓድ ከፈትኩትና አንቀጽ 9ን ፍለጋ ወረድኩ።

ሃምሳ የለም። ኧረ አንቀጹም የለም! ያለው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው፣ ድመት ኪቦርድ ላይ የተራመደችበት ይመስላል። ለካ ያ አንቀጽ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ ነው፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ጸሐፊዎቻችን የሚሠሩባቸው ፎንቶች የላቲኑን ኮድ የግዕዝ ልብስ አልብሰው ነበር የሚያሳዩን። ፎንቱ እኔ ላፕቶፕ ላይ ስላለ «ሃምሳ» ሆኖ ታየኝ። ፎንቱ የሌለው ሰው ቢከፍተው የሚያየው ድመቷ የሄደችበትን ነው። እኔ በአማርኛ እፈልጋለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ አማርኛ የለም።

ከገባሁ አይቀር ሌላውንም አየሁ፣ ባላይ ይሻለኝ ነበር። «መተዳደሪያ» የምትል አንዲት ቃል ሦስት ቦታ ተቆራርጣለች፤ «መተ»፣ «ዳደ»፣ «ሪያ»። በየመሃሉ የፎንት ስም፣ የፊደል መጠን፣ ሌላም ሌላም። መጠኑ 24 ይላል፣ 12 ማለት ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጥረው በግማሽ ነጥብ ነው። (ለምን በግማሽ? እኔን አትጠይቁኝ። የዚህ አሠራር ደረጃ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ 6,000 ገጽ ገደማ ነበር። የኛ ዕድር በ14 ገጽ ሰው ይቀብራል።) ቃሏን የቆራረጣት ደግሞ የሰው እጅ ነው። ፋይሉ ተነካክቶ በተቀመጠ ቁጥር ዎርድ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጥና ያን ጊዜ የተጻፈውን በዚያ ቁጥር ምልክት ያደርግበታል። አንዱ «መተ» ብሎ ተወ፣ ሌላው መጥቶ ጨረሰ፣ ሦስተኛው አረመ። ይባስ ብሎ ጽሑፉ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ተመዝግቧል። ገጹ ለምን በቀይ መስመር እንደተጥለቀለቀ ያኔ ገባኝ።

ርዕሱን መሃል ላይ ያስቀመጡት በ31 ስፔስ ነው። ቆጠርኳቸው። መሃል ማድረጊያ ቁልፍ እኮ አለ፣ እዚያው አናቱ ላይ! የማኅተሙ ቦታ አዲስ ገጽ እንዲይዝ ደግሞ አንድ ሰው 17 ጊዜ ኢንተር መትቷል። ባዶ አንቀጽ፣ ባዶ አንቀጽ፣ ባዶ አንቀጽ... ወረቀቱስ? ስፋቱ 12240፣ ቁመቱ 15840 ይላል (እዚህ ደግሞ የሚቆጥረው በነጥብ አንድ ሃያኛ ነው)፣ የአሜሪካኖቹ ሌተር ነው። የኛ ማተሚያ ቤት የሚያትመው በኤ4 ነው፣ ማለትም 11906 በ16838። ጠበብና ረዘም ይላል። ስለዚህ አንዱ ጋ ልኩን የያዘው 17 ኢንተር ሌላው ጋ ማኅተሙን ይዞት ይጠፋል። ሊቀመንበሩ በየዓመቱ «ማተሚያ ቤቱ አበላሸብን» የሚሉት ይሄን ነበር።

ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። አንቀጽ 9ን እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ ሃምሳዎቹን በሙሉ በዓይኔ አድኜ ቀየርኩ፣ ስፔስና ኢንተሩን ጠርጌ በስታይል አስተካከልኩ፣ ወረቀቱን ኤ4 አደረግሁ፣ ላክሁ።

በማግስቱ ደወሉ። «ተባረክ ልጄ! እንዲህ ጥርት ብሎ አያውቅም። ብቻ የጸሐፊያችን ስም ቀርቶ ስለነበር እሷው ጨመረችው። የማኅተሙ ቦታ ትንሽ ወደ ላይ ሳብ አለባትና አስተካክላዋለች፣ አንተን ማስቸገር አልፈለግንም።»

ፋይሉን ተቀብዬ ዚፕ አደረግሁት። ዘጠኝ ኢንተር።